«መንግሥት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
(ስለ ፖለቲካ የትርጓሜ ጥናት፤ ከይፋት ቆላ በተወሰዱ ምሳሌዎች)

አንድ የአዲስ አበባ ሰው «ሸዋ ሮቢት» ሲባል ቢሰማ ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው እስር ቤቱ ነው። ለአገሩ ገበሬና ነጋዴ ግን ሸዋ ሮቢት ማለት ማሾና ሽንኩርት የሚጫንበት፣ ከደጋ የወረደና ከአፋር ሜዳ የመጣ ሰው የሚገበያይበት ከተማ ነው። ስሙ አንድ፣ በካርታ ላይ ያለው ነጥብም አንድ ሲሆን ትርጉሙ እንደ ሰሚው ይለያያል። «ሸዋ ሮቢት ላኩት» የሚለው ቃል በአንዱ ቤት ለቅሶ ሲያስነሣ፣ በሌላው ቤት የንግድ ወሬ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ መንግሥት አስተዳደርና ስለ ፖለቲካ የምንማር ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ቀላል አይተን ማለፍ አይገባንም። አብዛኞቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት መጠይቅ ይዘን ወደ ገጠር እንወርዳለን፤ መልሱን ቆጥረን፣ በመቶኛ አስልተን፣ ሠንጠረዥ ሠርተን እንመለሳለን። ቆጠራው ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጠየቅነውና የተመለሰልን ነገር አንድ መሆኑን በምን እናውቃለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገውን የጥናት መንገድ፣ ይኸውም የትርጓሜ ዘዴ የሚባለውን፣ በምናውቀው አገር ምሳሌ ለጓደኞቻችን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሌላውን መንገድ በአጭሩ እንመልከት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋው ትምህርት ፖለቲካን እንደ ተፈጥሮ ሳይንስ ለማጥናት ይጥር ነበር። ሰው የሚያደርገውን መቁጠር፣ መለካት፣ ከዚያም ሕግ ማውጣት ዓላማው ነበር። የዚህ ትምህርት አንዱ ታላቅ ፍሬ ገብርኤል አልመንድና ሲድኒ ቨርባ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት ጥናት ነው። በአሜሪካ፣ በብሪታኒያ፣ በጀርመን፣ በኢጣሊያና በሜክሲኮ 5,000 ያህል ሰዎችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀው፣ የየሕዝቡን የፖለቲካ ባህል አወዳደሩ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም የሚጠቅም ብዙ ነገር አለው። ሆኖም አንድ ጥያቄ በአምስት አገር ሲጠየቅ አምስት ጥያቄ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ተቺዎች ወዲያው አመለከቱ።

የትርጓሜ ዘዴ መነሻው ከዚህ የቀደመ ነው። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር (እ.ኤ.አ. በ1920 ያረፈው) የኅብረተሰብ ጥናት የሰውን ድርጊት ማወቅ የሚችለው ድርጊቱን የሚፈጽመው ሰው ራሱ የሚሰጠውን ትርጉም ሲረዳ ነው ብሎ አስተማረ። እንግሊዛዊው ፒተር ዊንች በ1958፣ ካናዳዊው ቻርልስ ቴይለር በ1971 ይህንኑ አሳብ በፍልስፍና አጠነከሩት። አሜሪካዊው ክሊፎርድ ጊርዝ ደግሞ በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ጊልበርት ራይል ከተባለ ፈላስፋ የወሰደውን አንድ ምሳሌ አስፋፋ። ሁለት ልጆች የቀኝ ዓይናቸውን ሽፋን በፍጥነት ይከድናሉ፤ አንዱ ያለ ፈቃዱ ዓይኑ ርግብ ብሎበት ነው፣ ሁለተኛው ግን ጓደኛውን በምስጢር እየጠቀሰ ነው። ፎቶግራፍ ቢነሡ ልዩነት አይታይባቸውም። ልዩነቱን የሚያውቀው የጥቅሻን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በአማርኛ «ጠቀሰ» የሚለው ግሥ ለዓይንም ለመጽሐፍም ማገልገሉ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። የጠቀሰ ሰው ሌላ ነገር እያመለከተ ነው፤ የተጠቀሰውን ሳናውቅ ጠቃሹን አናውቀውም።

እንዲያውም ለኛ አገር ተማሪ ይህ ዘዴ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ጉባኤ መምህሩ የአንዱን ኃይለ ቃል ትርጉም ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። በይፋትና በወሎ ደረሳው ከሼሁ እግር ሥር ተቀምጦ የቁርኣንን ተፍሲር ይማራል። ሁለቱም ቃልን ከነአገባቡ፣ ከነታሪኩና ከነተናጋሪው መመርመርን ያውቃሉ። ቅኔውም ሰምና ወርቅ አለው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ ርእሱን የሰጠው ይኸው ሰምና ወርቅ ነው። ሌቪን መንዝ ድረስ ሄዶ ኖሮ፣ የአማራውን አነጋገርና የሥልጣን አመለካከት አንድ ላይ ለማንበብ ሞከረ። ነገር ግን ከመንዝ ደጋ የተቀዳ ትርጓሜ ቆላውን ሳይጠይቅ እስከ ቆላው ሊወርድ አይችልም። መንዝ ከላይ፣ ይፋት ከታች የሚተያዩ ጎረቤቶች ቢሆኑም፣ በይፋት ሌላ ታሪክና ሌላ አነጋገር አለ።

ይፋትን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል የሚወርደው የደሴ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ቆላና በገደሉ ጥግ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር ይዋሰናሉ፤ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገበያ ይውላሉ። ቀድሞ አገሩ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ይባል ነበር። ዛሬ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ጅሌ ጥሙጋ በከሚሴው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ የአርጎባው ደግሞ በራሱ ልዩ ወረዳ ይተዳደራሉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ የፖለቲካ ቃል በአራት ጆሮ መሰማቱ የማይቀር ነው።

ምሳሌያችንን ከሩቁ እንጀምር። በ14ኛው መቶ ዓመት ይፋት የወላስማ ቤተ ሰብ የሚገዛው የእስላም ሱልጣኔት ነበር። የዓፄ ዐምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ዜና መዋዕል ጸሐፊ የይፋቱን ሰብረዲን ሲገልጸው በጌታው ላይ ያመፀ ከሃዲ አድርጎ ነው። በዚያው ዘመን በግብፅ የነበረው ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ ደግሞ ይፋትን ከሰባቱ የእስላም መንግሥታት አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ነገሥታቱ ከዘር ወደ ዘር ቢተላለፉም ያለ አማራው ንጉሥ ሹመት ሥልጣን እንደማይጸናላቸው ይናገራል። ሁለቱም የጻፉት ስለ አንድ ግንኙነት ነው። ግብር ወጥቷል፣ እጅ መንሻ ተሰጥቷል። ለቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ግብሩ ሎሌነት ነው፤ ስለዚህ ግብር ማቆም ክህደት ይሆናል። ከካይሮ ለሚያየው ደግሞ ይፋት በሌላ ንጉሥ ጥላ ሥር ያለ፣ ነገር ግን የራሱ ስም ያለው መንግሥት ነው። የገባውን ግብር መጠን ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪ ጦርነቱ ለምን እንደ ተነሣ ሊገባው አይችልም፤ ጦርነቱ የተነሣው ግብሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ስምምነት ባለመኖሩም ጭምር ነውና።

የወላስማ ስም በዚህ አላለቀም። ሱልጣኔቱ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወድቆ የቤተ ሰቡ ወራሾች ወደ ምሥራቅ ወደ አዳል ከሄዱ ከ400 ዓመት በኋላ፣ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የይፋትን ጠረፍ የሚጠብቀው ሹም ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። ከጥንቱ የይፋት ነገሥታት ዘር መሆኑን የሚናገር እስላም ሹም፣ ለክርስቲያን ንጉሥ ከባሕር በኩል የሚመጣውን መንገደኛ ይቀበልና ያግድ ነበር፤ በጎንቾ የነበረውም የመንግሥት እስር ቤት በእጁ ነበር። በሹመት መዝገብ ቢታይ አንድ የጠረፍ አበጋዝ ነው። ይህን ስም በጆሮው ለሚሰማው የይፋት ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ሊያስታውሰው ይችላል። ንጉሡ ስሙን ባለመሻሩ የቀድሞውን ክብር ለራሱ አገልግሎት አዋለው፤ ሹሙም በስሙ አማካይነት ሎሌነቱን በክብር ሸፈነው። አንድ ማዕርግ ሁለት ጌታ አገለገለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 በዚሁ በር ሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ ገባ፤ በኅዳርም ወር ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ለእንግሊዞቹ ውሉ የንግድ ውል ነበር። ጠመንጃና መድፍ የተበረከተለት ንጉሥ ግን ዋናው ፍላጎቱ መሣሪያና ወዳጅነት ነበር። መልእክተኞቹ በ1843 ሲመለሱ የታሰበው ንግድ አልተስፋፋም። የውሉ ወረቀት አንድ ነበር፤ የተፈረመው ነገር ግን ሁለት ነበር።

እንግዲህ ከነገሥታቱ ወደ ገበሬው እንውረድ፤ እስከ አሁን ያነሣነው የጽሑፍ ማስረጃ ያላቸውን ታላላቆች ነውና። የታናሹ ሰው ትርጉም በዜና መዋዕል አይገኝም። ጄምስ ስኮት የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ጭቁኖች ስውር አነጋገር ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ያዋለው የኢትዮጵያውያን ተረት ነው። ታላቁ ጌታ ሲያልፍ ብልኁ ገበሬ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፤ በዚያው አፍታ ግን በስተኋላው፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ለጌታው የማይገባ ሌላ ነገር ያደርጋል። አንባቢያችን የቀረውን ያውቀዋል። ከፊት የቆመ ተመልካች «ሕዝቡ ታዛዥ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ከኋላ የቆመው ሌላ ይጽፋል። ሁለቱም ያዩት አንድ ሰው፣ የታጠፈውም አንድ ወገብ ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን ቃል እንመለስ። በአማርኛ «መንግሥት» የሚለው ቃል የንጉሥን ሥልጣን፣ የአገርን ሉዓላዊ ኃይል፣ በሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች፣ መሥሪያ ቤቱንና የመሥሪያ ቤቱን ተላላኪ ሁሉ ያጠቃልላል። «መንግሥት መጣ» ሲባል የመጣው አንድ የግብርና ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። «መንግሥት ተለወጠ» ሲባል ዘመን ተገልብጧል ማለት ነው። በመማሪያ መጽሐፋችን አገረ መንግሥትና በሥልጣን ላይ ያለ አስተዳደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ይኖራል፣ ሁለተኛው በምርጫ ይለወጣል። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ሰው «መንግሥትን ትቃወማለህን?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚሰማው የትኛውን ነው?

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የሚያሳይ ጥናት አለ። ፈረንሳዊው ረኔ ሌፎር ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ስለ ተደረገው ምርጫ በሰሜን ሸዋ ገጠር ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያሳትም፣ «መንግሥት» የሚለውን የአማርኛ ቃል ሳይተረጉም እንዳለ በርእሱ ውስጥ አስገባው። የመረመረውም ገበሬዎቹ ስለ ሥልጣን ከቆየው አስተሳሰባቸው ጋር ምርጫውን እንዴት እንዳገናዘቡት ነው። ጥናቱን የምናነሣው የሚከተለውን ለማሰብ መንገድ ስለሚከፍትልን ነው። አራት የቆላ ገበሬዎች ለአንድ ፓርቲ ድምፅ ሰጡ እንበል። አንደኛው ፕሮግራሙን ወድዶ ነው። ሁለተኛው ማን እንደሚያሸንፍ ገምቶ፣ ከሚሾመው ጋር ላለመጣላት ነው። ሦስተኛው ማዳበሪያ የሚያድለው ሰው እንዳይቀየመው ነው። አራተኛው ለጎረቤቱና ለዘመዱ የገባውን ቃል ለመጠበቅ ነው። በኮሮጆው ውስጥ አራት ተመሳሳይ ወረቀት አለ። ቆጣሪው አራት ድምፅ ይላል፤ እርሱም አልተሳሳተም። «አራት ሰዎች ይህን ፖሊሲ ደገፉ» ያለ እንደ ሆነ ግን ከቆጠራው ያላገኘውን ነገር ጨመረ።

መጠይቃችንም እንዲሁ ነው። ከቀበሌ ሠራተኛ ጋር ደጃፉ የደረስን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዝን እንግዶች አንድን አባወራ «በአስተዳደሩ አገልግሎት ረክተዋልን?» ብለን ብንጠይቀው «ተመስገን፣ ደኅና ነው» ሊለን ይችላል። ይህ ቃል እርካታ ሊሆን ይችላል። ለእንግዳ የሚሰጥ የጨዋ መልስ ሊሆን ይችላል። ፈጣሪን ማመስገን እንጂ ሹሙን ማመስገን ላይሆንም ይችላል። ወይም «ይህን ሰው ይዛችሁ መጥታችሁ ምን እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ማለት ይሆናል። እኛ ግን «በጣም ረክቻለሁ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አድርገን እንሄዳለን።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ትርጓሜ ማለት ተረትና ምሳሌ ሰብስቦ «የሕዝቡ አስተሳሰብ ይህ ነው» ማለት አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ምሳሌ ስንት ጸሐፊ ኢትዮጵያዊ ሥልጣንን አይጠይቅም ለማለት ተጠቅሞበታል! ነገር ግን ይኸው ሕዝብ በነገሥታቱ ደጅ «አቤት!» እያለ ሲጮኽ፣ በሹም ላይ አቤቱታ ይዞ ወራት ደጅ ሲጠና ኖሯል። ያንኑ ምሳሌ አንዱ ለምክር፣ አንዱ በምሬት፣ አንዱ በፌዝ ይናገረዋል። ስለዚህ ምሳሌው ማስረጃ የሚሆነው ማን፣ ለማን፣ መቼና በምን ድምፅ እንደ ተናገረው ሲታወቅ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የሚጠቅም ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምናችሁም ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፤ ከተማይቱም ተቃጠለች፤ የአስቸኳይ ጊዜ እዝም ተቋቋመ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። የአጣዬውን ነገር ሲናገሩ አንዱ ወገን በታጠቀ ኃይል ተወረርን ይላል፤ ሌላው ወገን በገዛ አገራችን እንደ ባዕድ ተቆጠርን ይላል። በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የኖሩ ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን ጥበቃ እንደ ዝግጅት፣ ዝግጅቱን እንደ ዛቻ አነበበው። «የኛ መሬት»፣ «ነባር»፣ «መጤ» የሚሉት ቃላት ከጥይት በፊት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር በሚፈጸምበት አገር የጎረቤትን ቃል አሳስቶ ማንበብ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

እዚህ ላይ ግን የትርጓሜ ዘዴ ተቺዎች የሚያነሡትን ጥያቄ መመለስ አለብን። «ሁሉም የራሱ ትርጉም ካለው እውነት የት አለ?» ይላሉ። መልሳችን ይህ ነው። የሞተ ሰው ሞቷል፤ የተቃጠለ ቤት ተቃጥሏል። ስንት እንደ ሆኑ መቁጠር፣ ማን እንዳደረገው መመርመርና ጥፋተኛውን መፍረድ ያስፈልጋል፤ ይህን «የአመለካከት ልዩነት ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ተርጓሚ ሳይሆን ሸፋኝ ነው። የትርጓሜ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ሰዎቹ ይህን ለማድረግ ወይም ይህን ለማመን የበቁት ነገሩ እንዴት ቢታያቸው ነው? ይህን ያላወቀ እርቅ ሽማግሌ ቢሰበስብም፣ በሬ ቢያሳርድም አይጸናም።

ሁለተኛው ትችት የበለጠ የሚከብድ ነው። የምንሰማው ትርጉም የማን ነው? ብዙ ጊዜ ለእንግዳ የሚናገረው ሽማግሌው፣ ባለ ሀብቱና ሊቀ መንበሩ ነው። ሴቲቱ ቡና እያፈላች ዝም ትላለች፤ እረኛው ልጅ ደጅ ነው፤ አፋሩ ከብቱን ይዞ ርቋል። የጥቂቶችን ትርጓሜ የሁሉም አድርገን ብንጽፍ ሥልጣን ያለውን ሰው በጥናት ስም መልሰን ሾምነው ማለት ነው። በአማርኛ ብቻ ጠይቆ ስለ ይፋት ሁሉ መጻፍም እንዲሁ ያው ነው።

እንግዲህ ለመስክ ሥራ ወደ ይፋትም ሆነ ወደ ሌላ አገር ለምንወርድ ተማሪዎች የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ መጠይቁን ከማዘጋጀታችን በፊት ቃላቱን እንመርምር፤ «መንግሥት»፣ «መብት»፣ «ሕዝብ»፣ «አገር» የሚሉት በዚያ መንደር በምን ጊዜ እንደሚነገሩ እናዳምጥ። ሁለተኛ፣ ከስብሰባው ይልቅ ከስብሰባው በኋላ፣ በመንገድ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት የሚባለውን እንስማ። ሦስተኛ፣ አንዱ የነገረንን ለሌላው አቅርበን «አንድም» እንዲለን እንፍቀድለት። አራተኛ፣ ዝምታንም እንመዝግብ። አምስተኛ፣ ከዚህ በኋላ እንቁጠር፤ ምን እንደምንቆጥር ያወቅነው ያን ጊዜ ነውና።

ከተመረቅን በኋላ ብዙዎቻችን በየወረዳው ቢሮ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ለገበሬው «መንግሥት መጣ» የሚባልልን እኛው ነን። በደጃችን ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣውን ሰው ስናይ ታዛዥነቱን ከመመስከራችን በፊት ምን እያለን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ትዕግሥቱና ትሕትናው ይኑረን። ትምህርታችን ለዚያ ቀን ካልጠቀመን ለፈተና ብቻ የተማርነው ሆኖ ይቀራል።